ዝናቡ ካባራ በኋላ የሚዘራ

ልጆቼ፣ ባለፈው ስለ ጸጋ ስንማር ከመካከላችሁ አንዱ ከባድ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። «ጸጋ የእግዚአብሔር ስጦታ ከሆነ፣ ጉልበት ሲደክም ጸጋውም አብሮ ይሄዳል ወይ?» አለኝ። ዛሬ ቀስ ብለን እናየዋለን። ኳስ እንደምትወዱ ስለማውቅ ምሳሌውን ከሜዳ አመጣሁላችሁ።

አስቀድመን ግን ከእርሻችን እንነሣ። እኛ ማክሰኝቶች ሽምብራ የምንዘራው መቼ ነው? ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቁሩ አፈር ውኃውን ጠጥቶ ሲጠግብ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰማዩ ጠብታ ባይሰጥ እንኳ ሽምብራው መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት አብቦ ያፈራል። ይህን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ መንግሥቱ ወርቁ እንሂድ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና የብሔራዊ ቡድናችን አጥቂ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ለአፍሪካ ዋንጫ ከግብፅ ጋር ገጠመች። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀደመች፤ ሁለት ጊዜም ደረስንባት። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን አገባ፤ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መንግሥቱ አራተኛውን ጨመረ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን አነሣ። መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ ውድድሮች በድምሩ 10 ግብ አስቆጥሯል። ያ የዝናቡ ዘመን ነበር።

ዝናቡም አባራ። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ መንግሥቱን የምናገኘው በኢትዮጵያ ቡድን አሰልጣኝነት ነው። ቡድኑ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጣ። በሦስት ጨዋታ አንድም ግብ አላገባም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የልጁ ጥያቄ ያለው እዚህ ነውና። አሥር ግብ ያስቆጠረ ሰው የያዘው ቡድን አንድ ግብ እንኳ ሲያጣ፣ ጸጋው ተለየው እንላለን? መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ያችን አልጄሪያ እወቋት። ሦስት ወር ቆይታ፣ በስፔኑ የዓለም ዋንጫ ማጀርና ቤሉሚ ባገቧቸው ግቦች ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው እሷው ናት። እንዲህ ያለ ቡድን በእኛ ተከላካዮች ላይ አንድ ግብ ሳያስቆጥር ሄደ። እኔ በበኩሌ ከአራተኛዋ ግብ ይልቅ ይህችን ባዶ ለባዶ እወዳታለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ግብ ሲያገባ የኖረ አጥቂ፣ ግብ የሚጠብቁ ሰዎችን አቁሞ አሳየን።

ስለዚህ መልሱ ይኸውላችሁ። እንደ ክረምቱ ዝናብ የሚሄደው ጉልበቱ ነው። ጸጋው ግን ከመጀመሪያውም የመንግሥቱ ንብረት አልነበረም፤ አደራ ነበር። ሰጪው ያንኑ አደራ በወጣትነት በእግር፣ በኋላ ደግሞ በቃልና በትዕግሥት ያሠራበታል። በወንጌል መሬት ቆፍሮ መክሊቱን የቀበረውን ባሪያ አስታውሱ። አልሰረቀም፤ አላባከነም። የተወቀሰው የተሰጠውን ለማንም ሳያተርፍ እንደነበረ በመመለሱ ነው። ተጫውቶ ሲያበቃ ያወቀውን ይዞ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ይኸው ነው። መንግሥቱ ግን እስከ ታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ዕረፍቱ ድረስ ስሙ ከኳስ አልተለየም።

ትናንት ማታ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ስትጫወቱ ቆሜ አየኋችሁ። ከእናንተ አንዱ፣ የኋላ ተከላካይ የሆነው፣ ኳሱን ራሱ ሊነጥቅ ይችል ነበር። አልነጠቀም። አጥቂውን ወደ ዳር እየገፋ ታናሹን በእጁ «ጠበብ አድርግ፣ ቀኝህን ዝጋ!» ይለው ነበር። ትንሹ ደርሶ፣ እግሩን አስገብቶ፣ ኳሱን አወጣት። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቀዋል። ለሚቀጥለው ትምህርት ያንን ታናሽ ይዞት ይምጣ።