ከመከራው በኋላ ያለው ኑሮ፦ የተፈናቃዮች የሥነ ልቦና ጥናት ምን ያስተምረናል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደው ነባሩ መንገድ ቃሊቲንና አቃቂን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ከአንድ መከራ የወጡ ሰዎች በተለያየ ሁኔታ ለዓመታት ኖረዋል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ሲወድቅ፣ በኤርትራ ይኖሩ የነበሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች፣ የመንግሥት ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ቤት ንብረታቸውን ጥለው ወጡ። አዲስ አበባ ከደረሱት ብዙዎቹ፣ ቃሊቲን ጨምሮ በልዩ ልዩ ስፍራዎች በነበሩ ጊዜያዊ መጠለያዎች ሰፈሩ። «ጊዜያዊ» የተባለው ግን ለብዙ ቤተሰብ ከአሥር ዓመት የዘለለ መኖሪያ ሆነ። ሌሎች ደግሞ በደብረ ዘይት ከተማ ከነዋሪው ጋር ተቀላቅለው ኑሮ ጀመሩ።

የባሕርይ ሳይንስ ተመራማሪዎች እዚህ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ አለ። ከባድ መከራ የደረሰበት ሰው ሁሉ አእምሮው ይታወካልን? ካልሆነ ልዩነቱን የሚያመጣው ምንድን ነው?

አስቀድመን ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል። ድኅረ አደጋ የጭንቀት ሕመም የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሕመሞች መዝገብ ውስጥ ራሱን ችሎ የሰፈረ ነው። ያለፈው ነገር በቅዠትና በድንገተኛ ትዝታ እየተመለሰ ሰውየውን ያስጨንቀዋል፤ ጉዳዩን ከሚያስታውስ ቦታና ሰው ይሸሻል፤ ስሜቱ ይደነዝዛል ወይም ይጨልማል፤ በትንሽ ኮሽታ ይበረግጋል፣ እንቅልፍ ያጣል። እነዚህ ምልክቶች ከአንድ ወር በላይ ቆይተው ኑሮውን ካላወኩ በቀር ሕመም ተብለው አይመዘገቡም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መደንገጥና እንቅልፍ ማጣት የጤነኛ ሰው ምላሽ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1999 ጆፕ ደ ዮንግ የተባሉ ሆላንዳዊ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በአልጄሪያ፣ በካምቦዲያ፣ በኢትዮጵያና በጋዛ ከጦርነትና ከጅምላ ጥቃት የተረፉ ሰዎችን አጠኑ። ከአጥኚዎቹ አንዱ ኢትዮጵያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም መስፍን አርአያ ነበሩ፤ በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆነው የተሾሙት ናቸው። በኢትዮጵያ 1,200 ሰዎች ተጠይቀው ሕመሙ የተገኘው በ15.8 በመቶው ነው። በአልጄሪያ 37.4፣ በካምቦዲያ 28.4፣ በጋዛ 17.8 በመቶ ሆኗል።

የኢትዮጵያን ቁጥር ከሁለት ወገን ማንበብ ይቻላል። ከስድስት ሰዎች አንዱ ገደማ መታመሙ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ከመቶ 84ቱ በሕመሙ አልተያዙም። መከራ ያየ ሁሉ የተሰበረ ነው የሚለውም ሆነ የታመመው ደካማ ስለሆነ ነው የሚለው አነጋገር ከዚህ ቁጥር ጋር አይስማማም።

ቁጥሮችን ስናነጻጽር ግን ጥንቃቄ ያሻናል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ በኋላ በተረፉት ላይ የተደረገ ጥናት ምልክቶቹን በ37.3 በመቶው አግኝቷል። ይህ የቆሼው አደጋ ከጦርነቱ ይብሳል ማለት አይደለም። ከአደጋው በኋላ ያለፈው ጊዜ፣ የመጠየቂያው ዓይነትና የተጠያቂዎቹ አመራረጥ ሲለያይ ውጤቱም ይለያያል።

በአራቱ አገሮች ጥናት ውስጥ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የመጠለያው ኑሮ መጥፎ መሆን በአልጄሪያና በጋዛ ከሕመሙ ጋር ሲያያዝ፣ በኢትዮጵያ ግን አልታየም። ታዲያ መጠለያ ለኢትዮጵያውያን አይጎዳም ልንል ነው? እኛ እንደሚመስለን ሌላ ማብራሪያም ሊኖር ይችላል። ሁሉም ተጠያቂዎች በተመሳሳይ ችጋር ውስጥ ከኖሩ፣ የችጋሩ ውጤት በመካከላቸው ልዩነት ሆኖ ሊወጣ አይችልም። ሁሉም አጫሽ በሆነበት መንደር ትንባሆ ሳንባ መጉዳቱን ማሳየት እንደማይቻል ማለት ነው። ልዩነቱን ለማየት ሌላ ቦታ የሚኖሩ፣ ከተመሳሳይ መከራ የወጡ ሰዎች ያስፈልጋሉ።

መስፍንና ባልደረቦቻቸው ያደረጉትም ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ መጠለያዎች ይኖሩ የነበሩ ተፈናቃዮችን በደብረ ዘይት ከኅብረተሰቡ ጋር ከተቀላቀሉት ጋር አነጻጸሩ። የኑሮ ጥራታቸው በደብረ ዘይት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ሰዎቹ በየቦታው የተመደቡት በዕጣ አይደለም። ቀድሞውኑ ጤናማ የነበሩት ወይም ዘመድ ያላቸው ወደ ደብረ ዘይት ሄደው እንደሆነ፣ የልዩነቱ ከፊል ምክንያት ከቦታው በፊት የነበረ ይሆናል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከመጠለያዎቹ 1,193 ሰዎችን ጠይቀው ያወጡት ጥናት ደግሞ መከራ የኑሮ ጥራትን በምን መንገድ እንደሚያበላሽ መርምሯል። ነገሩን ለመረዳት ከአቃቂ ወንዝ ውኃ ስቦ አትክልት የሚያለማ ገበሬን እናስብ። ውኃው ማሳው ላይ የሚደርሰው በቦዩ በኩል ነው። የቦዩ መዝጊያ ግን ውኃ አያመጣም፤ ምን ያህል እንደሚያልፍ ይወስናል እንጂ። በጥናቱ ቦዩ የአእምሮ ጭንቀት ነው፤ ያለፈው መከራ የዛሬውን ኑሮ የሚያበላሸው በአብዛኛው በእርሱ በኩል እያለፈ ነው። መዝጊያዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሰውየው ችግሩን የሚቋቋምበት ዘዴና «የሚደግፈኝ ሰው አለ» የሚለው እምነቱ። ያለፈውን ጦርነት ማንም ሊሽረው አይችልም፤ መዝጊያው ግን ዛሬም በእጅ ያለ ነው።

ስለ እርዳታ ከተነሣ አንድ የተለመደ ስሕተት እንጥቀስ። በአደጋ ማግሥት ተጎጂዎችን ሰብስቦ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ እንዲናገሩ ማድረግ ዘመናዊ ሕክምና ይመስል ነበር። ተደጋጋሚ ጥናቶች ግን እንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ ንግግር ሕመሙን እንደማይከላከል አሳይተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። እ.ኤ.አ. በ2011 ድርጅቱ ከሌሎች ጋር ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ የሚለው ሌላ ነው፦ ደኅንነታቸውን መጠበቅ፣ የሚያስፈልጋቸውን መጠየቅ፣ ሳያስገድዱ መስማት፣ ከቤተሰብና ከአገልግሎት ጋር ማገናኘት። ለቅሶ ቤት ሄዶ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ወደፊት በዚህ መስክ ለመሥራት የምታስቡ ተማሪዎች በመጠይቅ ቋንቋ ላይ እንድታተኩሩ እንወዳለን። የእኛ ሰው ጭንቀቱን ብዙ ጊዜ በአካሉ በኩል ይናገራል፤ «ልቤ ተሰበረ»፣ «አንጀቴ ቆሰለ»፣ «ጨጓራዬ ተላጠ» ይላል። ስለ አእምሮ ብቻ የሚጠይቅ መጠይቅ ይህን ሰው ጤነኛ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለ ድጋፍ ሲጠየቅም እንዲሁ ነው። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ በአቃቂ ቃሊቲ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰው «ጓደኞች አሉህ?» ብሎ ከመጠየቅ፣ ዕድሩ የት እንደሆነ፣ ቡና የሚጠራራው ከማን ጋር እንደሆነ፣ ሌሊት ቢታመም የማንን በር እንደሚያንኳኳ መጠየቅ የበለጠ ያስገኛል።