ሌሊቱንም ለሐኪሙ ንገሩት

ሉፐስ ያለባት አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ አውቃለሁ። ጠዋት ጣቶቿ አልታዘዝ ሲሏት የሸሚዟን ቁልፍ የምትቆልፍላት ትንሿ ልጇ ናት። ቢሮ ስትደርስ ግን ፊቷ ላይ ምንም አይታይም፤ «ደህና ነሽ እኮ!» ይሏታል። ይህ ቃል ከቁርጥማቱ አይተናነስም።

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ በገዛ አካል ላይ የሚዘምትበት በሽታ ነው። ከ10 ታማሚዎች 9 ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹን የሚጀምራቸውም በሥራና በወሊድ ዕድሜያቸው ነው። መገጣጠሚያ ሲቆረጥም እንቅልፍ ይሸሻል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ያው ሕመም በርትቶ ይሰማዋል፣ ሆድ ይብሰዋል፤ ሆድ የባሰው ደግሞ ጣራ ጣራውን ሲያይ ያነጋል።

መጀመሪያ የክኒኑን ሰዓት እዩ። ለሉፐስ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ ጠዋት ከቁርስ ጋር የሚታዘዝበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት። መድኃኒቱ ስሜትንም ያዋዥቃል፤ ድንገት መነጫነጭ ከመጣ የጠባይ ጉድለት አድርጋችሁ አትውሰዱት። በራሳችሁ ፈቃድ ግን እንዳታቋርጡት፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን ከፋርማሲ እየገዙ መዋጥም ሉፐስ ለሚያጠቃው ኩላሊት ሌላ ጠላት መጨመር ነው። ቡናውን ጠዋት ጠጡ፤ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ የሚዞረው ይለፋችሁ (ለቡና ወዳጅ ከባድ ምክር መሆኑ አይጠፋኝም)።

ለሁለት ሳምንት ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ስንቴ እንደነቃችሁ፣ የቱ መገጣጠሚያ እንደቀሰቀሳችሁ ጻፉ። ሐኪሙ የደምና የሽንት ውጤቱን ያያል፤ ሌሊቱን ግን ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል? ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ደስ ካላላችሁ ድብርት ሊሆን ይችላል፤ ይታከማል። ሞት መመኘት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ሂዱ።

በግል ድርጅት የምትሠሩ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እወቁት። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ያለ ክፍያ። ተከታታይ መሆን የለበትም፤ ሕመሙ በተነሣ ቁጥር፣ የሐኪም ማስረጃ እያቀረባችሁ፣ ከፋፍላችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።

የሂሳብ ሠራተኛዋ አለቃዋን የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ፀሐይ ሕመሙን ስለሚቀሰቅስባት ወንበሯ ከመስኮቱ ራቅ እንዲል፣ ጣቶቿ እስኪፍታቱ ደግሞ ጠዋት አንድ ሰዓት ዘግይታ እንድትገባ። ወንበሩ በማግስቱ ተነሣላት። ሰዓቱን «እናየዋለን» እንዳሏት ነው።