ያለ ጠበቃ በስምምነት ለመፋታት

ለፍቺ ጠበቃ ማቆም ግዴታ ነው የሚል ሕግ የለም። ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ መናገር ይችላል፤ ባልና ሚስት ከተስማሙ ደግሞ የሚከራከሩበት ነገር እንኳ የላቸውም። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የስምምነት ፍቺን በጥቂት አንቀጾች ነው የጨረሰው። ከባዱ ሥራ ያለው ፍርድ ቤት ከመግባታችሁ በፊት፣ ስለ ንብረትና ስለ ልጅ በምትጽፉት ወረቀት ላይ ነው። ብዙ ሰው ግን ስለ አቤቱታው አጻጻፍ ሲጨነቅ ይከርምና ስምምነቱን በግማሽ ገጽ ይገላገለዋል።

ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ የምትኖሩ የጊዜ ገደቡንና ጉዳዩን የሚያየውን ፍርድ ቤት በየአካባቢያችሁ አጣሩ። ሙስሊም ተጋቢዎችም ሁለቱም ከፈቀዱ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ፤ እሱ የራሱ ሥርዓት አለው።

መጀመሪያ ይህ መንገድ ለእናንተ የሚሆን መሆኑን እዩ። ጋብቻው ከተፈጸመ ቢያንስ 6 ወር ሊያልፈው ይገባል። ሁለታችሁም መለያየቱን ከልብ የፈለጋችሁ መሆን አለባችሁ። ዱላ ወይም ዛቻ ባለበት ቤት የሚፈረም ስምምነት ስምምነት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ካለ አብሮ ከመፈረም ይልቅ ለብቻ አቤቱታ ማቅረብ ይሻላል። አንደኛው ወገን እምቢ ቢልም ሌላው ብቻውን ፍቺ መጠየቅ መብቱ ነው። ሀብት ይደበቅብኛል ብሎ የሚሰጋ ወይም በድርጅት ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው ደግሞ ጠበቃ ባያቆምም አንድ ጊዜ ሕግ አዋቂ ያማክር። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌለው ያለ ክፍያ ያማክራሉ።

ስለ ሽማግሌም አንድ ነገር እንበል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ጋብቻ ያፈርሱ ነበር። ዛሬ ይህ ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ንብረት ያስማማል፤ የፈረመው ወረቀት ግን ጋብቻን አያፈርስም። በተክሊል፣ በማዘጋጃ ቤትም ሆነ በባህል የተፈጸመ ጋብቻ የሚፈርሰው በአንድ ዓይነት ሁኔታ ነው። «ተለያይተን ከኖርን ቆይተናል፤ ከዚህ ወዲያ ምን ፍቺ ያስፈልጋል?» የሚለው አስተሳሰብም አደገኛ ነው። በመሐል የተገዛ ቤት ወይም መኪና የጋራ ነው የሚል ጥያቄ ከዓመታት በኋላ ሊነሳ ይችላል።

አሁን ወደ ስምምነቱ። ያላችሁን ሁሉ በዝርዝር ጻፉ፤ በማን ስም እንደተመዘገበ ለጊዜው እርሱት። ሕጉ በትዳር ውስጥ ያለን ንብረት፣ በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ቢሆን እንኳ፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ አድርጎ ይገምታል። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ወይም በጋብቻ ጊዜ በውርስ ወይም በስጦታ ለአንዱ ብቻ የመጣ ነው። ብዙዎችን የሚያስገርመው ግን የግል ንብረት የሚያስገኘው ገቢ የጋራ መሆኑ ነው። ከጋብቻ በፊት የተሠራ ቤት የባለቤቱ ሆኖ ይቀራል፤ በትዳር ዘመን የተሰበሰበው ኪራይ ግን የሁለታችሁ ነው። የጋብቻ ውል ካላችሁ እሱን አውጥታችሁ አንብቡ፤ ከሌላችሁ መነሻው የጋራውን እኩል መካፈል ነው።

«ቤቱ ለሚስት፣ መኪናው ለባል» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የቤቱን የካርታ ቁጥር፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ የሳይቱን ስም፣ የሕንፃና የቤት ቁጥሩን፣ የመኪናውን ሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር አስገቡ። አንዱ ቤቱን ሲወስድ ለሌላው የሚከፍለው ካለ መጠኑን፣ የሚከፍልበትን ቀንና ካልከፈለ የሚሆነውን ግለጹ። ቀሪ የባንክ ዕዳ ካለ ማን እንደሚከፍል ጻፉ፤ ባንኩ ግን በእናንተ ስምምነት እንደማይገደድ አትርሱ። ብድሩ በሁለታችሁ ስም ከሆነ ባንኩን ቀድማችሁ አነጋግሩ። ቁጠባ፣ አክሲዮን፣ ያልወጣ እቁብ፣ ከዘመድ የተበደራችሁት ገንዘብ ሳይቀር ይግባ። ኋላ ፀብ የሚያስነሳው ብዙ ጊዜ «ይሄማ ይታወቃል» ተብሎ ሳይጻፍ የቀረው ነው።

ልጆች ካሉ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ሌላው ወላጅ መቼ መቼ እንደሚያያቸው፣ በዓላትና የክረምት ዕረፍት እንዴት እንደሚከፈሉ፣ የትምህርት ቤትና የሕክምና ወጪ የማን እንደሆነ ይዘርዘር። ቀለቡ በብር መጠኑ፣ በወር በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ ይጻፍ። «እንደ አቅሙ ይረዳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሰላማዊ ይመስላል፤ ለማስፈጸም ግን አይመችም። «ልጆቹን አሳድጋለሁ፣ ቀለብ አልፈልግም» የሚሉ እናቶች አሉ። ቀለቡ ግን የልጁ መብት ነው። ስምምነቱ የልጆችን ደኅንነት ወይም የአንዱን ተጋቢ ጥቅም በበቂ ሁኔታ አያስጠብቅም ብሎ ካመነ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ሌላውን በራሱ ውሳኔ ያስተካክላል።

አቤቱታው አጭር ነው። ከላይ የፍርድ ቤቱና የምድብ ችሎቱ ስም፣ ከዚያ 1ኛ አመልካችና 2ኛ አመልካች ተብላችሁ ሙሉ ስምና አድራሻችሁ ይጻፋል። ጋብቻው መቼና የት እንደተፈጸመ፣ ስንት ልጅ እንዳላችሁ፣ በስምምነት ለመፋታት እንደወሰናችሁና ፍርድ ቤቱ ፍቺውንና የተያያዘውን ስምምነት እንዲያጸድቅላችሁ እንደምትጠይቁ በጥቂት መስመር ይገለጻል። ምክንያት መጻፍ አያስፈልግም፤ በስምምነት የሚፋቱ ሰዎች ምክንያታችሁን ንገሩን ተብለው አይገደዱም። የገመናን ዝርዝር ለመዝገብ ቤት ማስረከብ ለማንም አይጠቅምም። መጨረሻ ላይ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አቤቱታው በእውነት የቀረበ መሆኑን አረጋግጣችሁ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። በፍርድ ቤት ደጃፍ አቤቱታ የሚተይቡ ሰዎች ቅጹን ያውቁታል፤ የንብረቱን ስምምነት ግን እነሱ እንዲፈጥሩላችሁ አትተዉ።

ከአቤቱታው ጋር የጋብቻ ማስረጃ፣ የሁለታችሁ መታወቂያ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታና የመኪና ሊብሬ ኮፒ አያይዙ። ዋናውን ይዛችሁ ቅረቡ። ይህን ሁሉ ይዛችሁ ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ትሄዳላችሁ፤ የትኛው ምድብ እንደሚመለከታችሁ፣ ስንት ኮፒና ምን ያህል የዳኝነት ክፍያ እንደሚያስፈልግ እዚያው ይነገራችኋል። መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲስተናገድ ማመልከት ይችላል። የመዝገብ ቁጥሩን በስልካችሁም በወረቀትም ያዙት፤ ከዚህ በኋላ በየቢሮው የምትጠየቁት እሱን ነው።

በቀጠሮው ቀን ሁለታችሁም በአካል ቅረቡ። ዳኛው አንድ ላይ ወይም ለየብቻ ያነጋግሯችኋል፤ መጀመሪያ የሚሞክሩት ማስታረቅ ነው። ይህ የሕጉ ትእዛዝ ስለሆነ አትከፉ፤ በአጭሩና በትሕትና መልሱ። ሌላው ባለበት መናገር የሚከብዳችሁ ነገር ካለ ለብቻ ልነጋገር ብላችሁ ጠይቁ። ካልታረቃችሁ ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። ጊዜው ሲያበቃ ሐሳባችሁ ካልተለወጠ ጥያቄውን እንደገና ታቀርባላችሁ። ዝም ብሎ መቀመጥ ጉዳዩን ስለሚያስቀረው ቀኑን መዝግባችሁ ያዙ። ዳኛው ስምምነቱ በነፃ ፈቃድ የተደረገና ከሕግና ከመልካም ጠባይ የማይቃረን መሆኑን ካመኑ ያጸድቁታል።

አንዳችሁ ውጭ አገር የምትኖሩ ከሆነ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል የሚሰጠው ውክልና ፍቺን በስሙ ጠቅሶ መናገር አለበት፤ «ስለ ንብረቴ ሁሉ ወክያለሁ» የሚለው የተለመደ ውክልና አይበቃም። ፍርድ ቤቱ እውነተኛ ፈቃዳችሁን ማረጋገጥ ስላለበት በአካል ቅረቡ ሊልም ይችላል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህንን ሬጅስትራሩን ጠይቁ።

ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ አውጡ፤ ከአንድ በላይ ቢሆን ይመረጣል። አንዱ ለቤት ስም ማዛወሪያ፣ አንዱ ለመኪናው፣ አንዱ ለባንክ ይሄዳል። የጸደቀው ስምምነት እንደ ፍርድ ስለሚቆጠር ቀለቡን ወይም ድርሻውን አልከፍልም ያለ ሰው ላይ የአፈጻጸም መዝገብ መክፈት ይቻላል። ኑሮ ሲለወጥ ደግሞ የቀለቡም የልጅ አስተዳደጉም ነገር እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል።

ብዙዎች የሚረሱት የመጨረሻው ጉዳይ የወረዳው ነው። ፍቺ እንደ ልደትና እንደ ጋብቻ ይመዘገባል፤ የፍርዱን ግልባጭ ይዛችሁ በ30 ቀን ውስጥ ሄዳችሁ አስመዝግቡና የፍቺ ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። ይህ ካልተደረገ ወረዳው የሚያውቃችሁ ባለትዳር ብሎ ነው፤ ቤት ስትሸጡ የትዳር ጓደኛ ፈርሞ ይምጣ ትባላላችሁ፤ እንደገና ለማግባት ስትጠይቁም ነገሩ እዚያው ይያዛል።