ስሜትን በስሙ መጥራት

የፈተና ወረቀት ሲታደል ልባችን ይመታል፤ መዳፋችን ያልበዋል፤ ሌሊቱን ያጠናነው ሁሉ ከአእምሯችን የጠፋ ይመስለናል። በዚያች ቅጽበት በሰውነታችን ውስጥ ምን ይካሄዳል? ልንገራውስ እንችላለን? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች እንመለከታለን።

ፍርሃት እንዴት ይነሣል?

አንጎላችን አደጋ መኖሩን ሲገምት አሚግዳላ የተባለው ትንሽ ክፍሉ ማስጠንቀቂያ ያስተላልፋል። ከኩላሊቶቻችን በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ያፈሳሉ። የልብ ምት ይፈጥናል፤ ጡንቻዎችም ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃሉ። ይህ ሥርዓት ከአውሬ ለማምለጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ፈተናም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ስለዚህ ፍርሃት የስንፍና ምልክት ሳይሆን ጤናማ አካል የሚሰጠው ምላሽ ነው።

የስሜት ብልህነት ምንድን ነው?

ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁራን በ1990 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንዳብራሩት፣ የስሜት ብልህነት የራስንና የሌሎችን ስሜት የመገንዘብና የመለየት፣ ይህንንም ዕውቀት የአስተሳሰብና የተግባር መሪ የማድረግ ችሎታ ነው። በተለምዶ «ስሜታዊ» የምንለው ቶሎ የሚቆጣውን ሰው ነው። የስሜት ብልህነት ግን ስሜትን ማጥፋት ሳይሆን ስሜትን ማወቅ ነው።

መሰየም ምን ይጠቅማል?

ብዙዎቻችን «ሆድ ይፍጀው» ብለን ስሜታችንን መዋጥ ለምደናል። በ2007 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ሌላ መንገድ ያመለክታል። ተሳታፊዎች የቁጣና የፍርሃት ገጽታ ያላቸውን ፊቶች እየተመለከቱ አንጎላቸው በኤም.አር.አይ. መሣሪያ ተጠና። ስሜቱን በቃል ሲሰይሙ የአሚግዳላ እንቅስቃሴ ቀነሰ፤ በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ደግሞ ጨመረ።

እንዴት እንለማመድ?

በመጀመሪያ ቃሉን እንምረጥ። «ደብሮኛል» የሚለው አንድ ቃል ንዴትን፣ ናፍቆትን፣ ኀፍረትን ወይም ቅናትን ሊሸፍን ይችላል፤ የእያንዳንዱ መፍትሔ ግን የተለያየ ነው። ቀጥሎ ምክንያቱን እንጠይቅ። የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ሰላም ሳይለን ቢያልፍ «ንቆኛል» ከማለታችን በፊት፣ በእርግጥ የተሰማን ቁጣ ነው ወይስ ቅሬታ? ቅሬታ ከሆነ ጠብ ሳይሆን ጥያቄ ይበቃዋል።

ከፈተና በፊት ሥጋትን ለ10 ደቂቃ በወረቀት ላይ ማስፈር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚገልጽ ጥናት በ2011 እ.ኤ.አ. በ«ሳይንስ» መጽሔት ታትሞ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የማረጋገጫ ሙከራ ግን ያንኑ ውጤት አላገኘም። እንግዲህ ስሜትን መሰየም የጥናትን ቦታ አይተካም፤ ከራሳችን ጋር ግን ያስተዋውቀናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባል የለ? ስሜቱን የደበቀም እንዲሁ ነው።