የአሳዳጊዋ መነሻ ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? (አዲ አርቃይን መነሻ ያደረገ አጭር ዳሰሳ)

እንደሚታወቀው በአገራችን ስለ ድህነት ቅነሳ ሲነሳ ቶሎ የሚጠራው ቃል ብድር ነው። መነሻ ገንዘብ ስጧት፣ ትነግዳለች፣ ዕዳዋን ትከፍላለች፣ ልጆቿንም ታስተምራለች ይባላል። ለብዙዎች እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ተበዳሪዋ ወላጆቻቸውን ያጡ የልጅ ልጆች የምታሳድግ አያት፣ ወይም የታመመ ባል የምታስታምም ሚስት፣ ወይም አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላት እናት ስትሆን ነገሩ ይለያል። ይህ ጽሑፍ ልዩነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ የትውልድ ወረዳዬን አዲ አርቃይን ይዞ ለማሳየት ይሞክራል።

አዲ አርቃይ ከጎንደር በደባርቅ አድርጎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ለከተማዋ ሴቶች መንገዱ ራሱ ገበያ ነው። መኪና ሲቆም እንጀራው ይሸጣል፣ ሻዩ ይፈላል፣ ጠላው ይቀዳል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወረዳው ሲደርስ ብዙ ቤተሰብ ሸሽቶ ወደ ደባርቅ ወጣ፤ ያ የመንገድ ገበያም አብሮ ቆመ። ከተመለሱት መካከል ከበፊቱ የበለጡ ልጆች ይዘው የተመለሱ አሉ። የሟች እህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ... ማን ይጥለዋል?

አንዲት የሰፈራችን እናት፣ እኛ ልጆች «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። ተበድረው እንጀራ መሸጥ ጀምረው ነበር። ጥቂት ወራት ቆይተው ተውት። ምነው ብዬ ስጠይቃቸው «ከሰርሁ ልጄ፣ እንዴት እንደከሰርሁ ግን አላውቀውም» አሉኝ። ይህች መልስ ናት እንግዲህ ሒሳብ እንድሠራ ያደረገችኝ።

ቁጥሮቹ ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረዳት ይሁኑና፣ በሳምንት 100 እንጀራ ይጋገራል እንበል። የእህሉ፣ የወፍጮውና የእንጨቱ ወጪ 2,600 ብር ነው። አንዱ እንጀራ በ30 ብር ቢሸጥ 3,000 ብር ይገኛል፤ ትርፉ 400 ብር። በወረቀት ላይ አዋጭ ነው። ነገር ግን ከሞሶቡ 15 እንጀራ ልጆቹ ይበላሉ። የተሸጠው 85 ነው፣ የተሰበሰበው 2,550 ብር። ከወጪው በ50 ብር አነሰ። በዚያ ላይ የብድሩ ክፍያ በሳምንት 200 ብር ቢሆን ለሚቀጥለው ሳምንት እህል የሚቀራቸው 2,350 ብር ብቻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት የሚጋገረው ከመቶ ያነሰ ይሆናል፣ ልጆቹ የሚበሉት ግን ያው 15 ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ምጣዱ ይሰቀላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ንግዱ አልከሰረም። 450 ብር የሚያወጣ ምግብ ለልጆቹ ሰጥቷል። 50 ብር ጎደለ ያልነውን ብንቀንስ እንኳ ያው 400 ብር ትርፍ እናገኛለን። ትርፉ ተበላ እንጂ አልጠፋም። አበዳሪው ግን ይህን አያይም፣ የሚያየው ያልተከፈለ ዕዳ ነው። እትዬም ራሳቸውን እንደ ሰነፍ ነጋዴ ቆጠሩ። በእኔ አስተያየት ይህ ከዕዳው የባሰ ጉዳት ነው።

በክልላችን ለድሃው ብድር በማድረስ ስሙ የሚነሳው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ፀደይ ባንክ ሆኗል። ንብረት የሌላት ሴት በቡድን ዋስትና እንድትበደር ማድረጉ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም የቡድን ዋስትና አንድ ችግር አለው። አባላቱ አንዳቸው የሌላውን ዕዳ ስለሚሸከሙ በሽተኛ ያለባትን ወይም ብዙ ልጅ ያላትን ሴት ወደ ቡድናቸው ለማስገባት ያመነታሉ። ክፋት አይደለም፣ እነሱም ድሆች ናቸው።

ታዲያ ገንዘቡ በብድር ሳይሆን በነጻ ቢሰጥስ? ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በአገራችን ፋብሪካ ለመቀጠር ላመለከቱ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ 300 ዶላር ያህልና የንግድ ሥልጠና ሰጥተው ተከታትለዋል። በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል አደገ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ካልተሰጣቸው ጋር የነበረው ልዩነት ጠፍቶ ተገኘ።

ሌላው መንገድ ባንግላዴሽ ውስጥ ብራክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው። ለቤተሰቡ የሚያረባው ከብት ወይም የሚነግድበት ዕቃ ይሰጠዋል። ከዚያ ጋር ለተወሰነ ጊዜ ቀለብ፣ ሥልጠና፣ የቁጠባ ልማድና ቤት ድረስ እየመጣ የሚመክር ሰው ይጨመርለታል። ይኸው በስድስት አገሮች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል፤ ከስድስቱ አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን ሙከራው የተካሄደው በትግራይ ነበር። ድጋፉ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም የቤተሰቦቹ ፍጆታና ሀብት ከሌሎቹ በልጦ ተገኝቷል። እኔ ከዚህ ሁሉ የምይዘው ቀለቡን ነው። የልጆቹ ሆድ በሌላ በኩል ከተሸፈነ 15ቱ እንጀራ ይሸጣል።

ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት አቅም ያለውን በማኅበረሰብ ሥራ ያሳትፋል፣ አቅም የሌለውን በቀጥታ ይደግፋል። በ2007 ዓ.ም. የጀመረው ምዕራፍ ደግሞ ነፍሰ ጡሮችን፣ አጥቢዎችንና በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን የሚንከባከቡ ሰዎችን ለጊዜው ከጉልበት ሥራ ነጻ አድርጎ ክፍያው እንዲደርሳቸው ፈቅዷል። በዚሁ ሐሳብ ብድር የወሰደች አሳዳጊ የመጀመሪያዎቹን ወራት ቀለብ ብታገኝ፣ ክፍያዋም ከዚያ በኋላ ቢጀምር ምን ይከብዳል?

ሌላው የሚረሳው ሰዓት ነው። ምጣድ ላይ የተቀመጠች ሴት በሽተኛው ሲጣራ ብትነሳ እንጀራው ያርራል። ጠላ ግን ከተጠነሰሰ በኋላ ለቀናት ራሱ ይብላላል፣ እሷም ለማስታመም ፋታ ታገኛለች። ፍየልስ? ለቆላችን የሚስማማ እንስሳ ነው፣ ብዙ ፕሮጀክትም ይወደዋል። ግን ማን ይጠብቀው? በአብዛኛው አንዱ ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ የተጀመረው ደግሞ ልጁ እንዲማር ነበር።

እትዬን ባለፈው ክረምት ሳገኛቸው በእቁብ ብር ጌሾና ብቅል ገዝተው ጠላ ጀምረዋል። ዕጣው ሳይወጣ እንዲወስዱ አባላቱ ተስማምተውላቸው ነው። የልጆቹን ቀለብ ከሽያጩ እንዲለዩ ነግሬያቸው ሁለት ጣሳ አዘጋጁ፣ አንዱ የንግዱ፣ አንዱ የቤቱ። ትልቋ የልጅ ልጃቸው በየማታው ትቆጥርና በደብተር ትጽፋለች። የቤቱ ጣሳ አሁንም ቀድሞ ነው የሚያልቀው።