«አላመመኝም» ብለሽ አትዘናጊ

ነይ እዚህ ብርሃን ያለበት ተቀመጪ፣ ጠብታሽን እያደረግሽ ስሚኝ። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ሲልሽ እኔም ደስ ይለኛል። «ምንም አያመኝም፣ ድኛለሁ» ስትያቸው ግን እሰጋለሁ። ዓይን ክፍል ስሠራ ብሌን ተተክሎላቸው ዘግይተው የሚመጡትን አይቻለሁ። አብዛኞቹ «ስላላመመኝ ነው የቆየሁት» ነው የሚሉት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ብሌን፣ ሐኪሞቹ ኮርኒያ የሚሉት የዓይን ፊት፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ውፍረቱ። ደም ሥር የለውም፤ ነርቭ ግን ሞልቶበታል። የአቧራ ብናኝ ሲነካው ወዲያው የሚያስለቅስሽና የሚያርገበግብሽ ለዚህ ነው፤ ነርቭ የዓይን ዘበኛ ነው። ብሌንሽ ላይ የነበረው ጠባሳ በክብ ተቆርጦ ሲወጣልሽ ነርቮቹም ዙሪያውን አብረው ተቆረጡ። የተተከለልሽ ብሌን እንደ መስተዋት የጠራ ቢሆንም ስሜት የለውም። ያንቺ ነርቮች ከዳር ወደ መሃል ቀስ እያሉ ይበቅሉበታል፤ ዓመታት ይፈጃል፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ጭርሱን እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል።

ነርቭ ከማሳመም ሌላም ሥራ አለው። የብሌኑ የላይኛው ስስ ሽፋን ቶሎ ቶሎ እንዲታደስ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር የሚያመነጨው እሱ ነው። በጤናማ ዓይን ትንሽ ጭረት በቀናት ውስጥ ይሽራል። ያንቺ ግን ስሜቱ ስለቀነሰ እንባውም መርገብገቡም ያንሳል፤ ዓይኑ ይደርቃል፣ ጭረቱም ሳይገጥም ይከርማል። ክፍት የከረመ ቁስል ተህዋስ ይገባበታል፣ ብሌኑንም ያሳሳዋል።

አሁን ቀና በይ። እጅሽን በሳሙና ታጥበሻል? የታችኛውን ቆብ በጣትሽ ሳብ አድርጊና ጠብታውን እዚያ ኪስ ውስጥ ጣይው። የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍትሽንም ዓይንሽንም እንዳይነካ። እንዲህ፣ ጎበዝ። ጨፍነሽ ቆዪ፤ ሁለተኛውን ጠብታ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ታደርጊያለሽ። ይኼ ስቴሮይድ ያለበት ሰውነትሽ ብሌኑን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይጥለው ነው። ከሐኪም ቃል በፊት አታቋርጪው፤ አልቆብሽም ከፋርማሲ «ተመሳሳይ ነው» የተባለ ሌላ አትግዢ። ስቴሮይድ በራሱ የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ ኢንፌክሽንም ሊሸፍን ይችላል፤ ስለዚህ ነው በየቀጠሮው ግፊትሽን የሚለኩት። የእንባ ጠብታው ደግሞ ማራሻ ነው፤ ደረቀኝ እስክትይ አትጠብቂ፣ በሰዓቱ አድርጊው።

ጠዋት ጠዋት ሁለት ነገር ልመጂ። ደህናውን ዓይን ሸፍነሽ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አንብቢ፤ ትናንት ያነበብሽው ቁጥር ዛሬ ከደበዘዘ ምልክት ነው። ቀጥሎ በመስታወት እዪው፦ መቅላት፣ ነጭ ነጥብ፣ መግል፣ ብቅ ያለ ክር። ብሌኑ የተሰፋበት ክር ከፀጉር የቀጠነ ናይለን ነው፤ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ሲላላ ሌላውን ሰው ይወጋው ነበር፤ አንቺን ላይወጋሽ ይችላል። ከነዚህ አንዱን ካየሽ፣ ወይም ብርሃን ካስጠላሽ፣ ወይም ካመመሽ በዚያው ቀን ተነሺ። «ለሰኞ» የሚባል ነገር የለም።

ጠባሳውን ያመጣብሽ ትራኮማ ነው፤ የቆብሽ ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሲፍቅሽ ኖሯል። የቆብ ቀዶ ሕክምና ቢደረግልሽም ፀጉሩ ተመልሶ ሊቀለበስ ይችላል፤ አዲሱን ብሌን ሲፍቀው ደግሞ አይሰማሽም። ስለዚህ በየቀጠሮው «ቆቤንም እዩልኝ» በያቸው። ወረንጦውን ግን ሳጥን ውስጥ ተዪው፣ ራስሽ አትንቀዪ።

ቤት ውስጥም እንዲሁ። ቆጮው ምጣድ ላይ ሲሆን ጭሱ ፊት አንቺ አትቀመጪ፤ ሌላ ሰው ይጋግር። መስቀል ሲደርስ አናትሽ ላይ ቅቤ ሊያደርጉልሽ ይመጣሉ፤ ዘንድሮ ይቅርብኝ በይ፣ ቀልጦ ዓይንሽ ውስጥ ይወርዳል። ኩልም፣ የቅጠል ጭማቂም ደጁን አይርገጥ። ባጃጅ ላይ መነጽር አድርጊ፤ ማታ የዓይን መከላከያውን ለጥፈሽ ተኚ።

ሐኪም ጋ ስትሄጂ አትደንግጪ። ቢጫ ቀለም ጠብ አድርገው በሰማያዊ ብርሃን ያዩሻል፤ ቁስል ካለ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። በቀጭኑ በተጠቀለለ ጥጥ ጫፍ ብሌንሽን ነክተው ስሜቱንም ሊፈትሹ ይችላሉ። ቁስሉ አልገጥም ካለ ለስላሳ ሌንስ ያለብሱታል፣ ከራስሽ ደም ጠብታ ያዘጋጃሉ፣ ወይም ቆብሽን በከፊል ይሰፉታል። መስፋት ሲሉሽ አታልቅሺ፤ ዓይኑ እንዲያርፍ ነው፣ በኋላ ይፈታል።

ከጉንችሬ አዲስ አበባ ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከወልቂጤ ብቻ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጠሮሽ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው፣ አይቀርም። በመሃል ድንገተኛ ነገር ከመጣ ቡታጅራ የግራርቤት የዓይን ሆስፒታል አለ። የትም ብትደርሺ የመጀመሪያ ቃልሽ «ብሌን ተተክሎልኛል» ይሁን፤ ካርድሽም ከቦርሳሽ አይለይ።

ብሌኑ ደግሞ እንዲሁ አልተገኘም። የዓይን ባንክ በአገራችን ከተቋቋመ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ነው አንቺን የመሰሉ ሰዎች ተራ መጠበቅ የቻሉት፤ እያንዳንዱ ብሌን የሚመጣው ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ እሺ ሲል ነው። በቸልታ ብታጪው ሌላ እስኪገኝ ተመልሰሽ ወረፋ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ የመጣል ዕድሉ ይሰፋል።

አምስት ደቂቃው ሞልቷል፤ ሁለተኛውን አድርጊ። ስልክሽን ስጪኝ፣ ለጠብታሽ ሰዓቶች ደወል ልሙላልሽ። የቀጠሮውን ቀን ደግሞ ራስሽ ጻፊው፣ ለባልሽም ንገሪው፤ ቢረሳሽ እንዲያስታውስሽ።