የዘር ድንች ማከማቻ ቤት፦ የብርሃንና የአየር አሰጣጥ

ለልማት ሠራተኞችና ለዘር አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት

በደጋው የአገራችን ክፍል በመኸር የተመረተ ድንች በጥቅምትና በኅዳር ይቆፈራል። ለዘር የተለየው ግን ወደ አፈር የሚመለሰው በሚቀጥለው ሰኔ ነው። በመካከሉ ያለው ሰባት ወር ያህል ጊዜ የዘሩ ዕድል የሚወሰንበት ነው። ብዙው ገበሬ ዘሩን ሳይቆፍር በማሳው ውስጥ ይተወዋል፤ አለዚያም በጆንያ ሞልቶ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በማሳ የቀረውን የድንች እሳት ራትና ምስጥ ይካፈሉታል። በጓዳ የተቀመጠው ደግሞ ነጭና ረጅም ጎንቁል አውጥቶ፣ ተጨማዶና ተሸብሽቦ ይገኛል። ለአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ያህል ዘር ስለሚያስፈልግ፣ የጠፋውን በሰኔ ገበያ ገዝቶ መተካት ለአንድ ማኅበር ከባድ ዕዳ ነው፤ የሚገዛውም ዘር ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

የፀሐይን ጨረር ከልክሎ ብርሃኑን ብቻ የሚያስገባው ማከማቻ ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ ተገኝቷል። በፔሩ ከተማ በሊማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሐሳቡን አጥንቶ ለብዙ አገሮች አሰራጭቷል። በአገራችንም በሆለታ ምርምር ማዕከል ተሞክሮ ወደ ገበሬው ደርሷል። ይሁን እንጂ በየቀበሌው ከምናያቸው ማከማቻዎች ጥቂት የማይባሉት በስም እንጂ በሥራ የብርሃን ማከማቻ አይደሉም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ እንጨቱና ስለ ሚስማሩ ብዙ ሳንል ስለ ብርሃኑና ስለ አየሩ እንናገራለን።

ብርሃን ለምን ያስፈልጋል?

ድንች ከተቆፈረ በኋላ እንደ ዝርያው ሁለት ሦስት ወር ያህል ሳይጎነቁል ይቆያል። ከዚያ በኋላ በጨለማ ካለ ብርሃን ፍለጋ ጎንቁሉን ያስረዝማል፤ ለዚህም የሚያወጣው ከውስጡ ያጠራቀመውን ምግብና ውኃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጎንቁል ቀድሞ ሌሎቹን አፍኖ ይይዛቸዋል። እንዲህ ያለው ጎንቁል በሚጫንበትና በሚተከልበት ጊዜ ስለሚሰበር ዘሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ በዚህ ጊዜ ግን አቅሙ ተሟጧል። በብርሃን የተቀመጠ ዘር ጎንቁሉ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ አጭር፣ ወፍራምና አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ይሆናል፤ በቁጥርም ይበዛል። ከአንድ ድንች ብዙ ግንድ ይወጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በጥብቅ የምናሳስበው ጉዳይ አለ። ብርሃን የመታው ድንች ሲያረነጉድ ሶላኒን የሚባለውን መራራ መርዝ አብሮ ያበዛል። ለዘር ጉዳት የለውም፤ ለሰውም ለከብትም ግን መርዝ ነው፤ ቢቀቀልም አይጠፋም። በክረምት ቤት ውስጥ እህል ሲያልቅ ዓይን ወደ ዘር ድንቹ መሄዱ አይቀርም። እናቶችና ልጆች ይህን አስቀድመው እንዲያውቁ ማድረግ የልማት ሠራተኛው ሥራ ነው። የተረፈ ዘርም ለምግብ ወደ ገበያ መውጣት የለበትም።

ብርሃን ይግባ፣ ፀሐይ አትግባ

ድንቹን ፀሐይ በቀጥታ ከመታችው ይጠበሳል፤ ውስጡም ይጠቁራል። ስለዚህ ቤቱ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዲሆን ተደርጎ ይሠራል፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ የምታገኘው ጠባቡን ጎን ብቻ ይሆናል። ይህም ጎን በቀርከሃ ወይም በአገዳ ይጋረዳል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የደቡቡ ጎን ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በሆለታ አካባቢ በቀትር እንኳ ከአድማስ በላይ 57 ዲግሪ ገደማ ብቻ ትሆናለች። የጣሪያው ክፈፍ ከመሬት 2 ሜትር፣ የመጨረሻው ቆጥ ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ቢሠሩ፣ የታችኛው ቆጥ ጥላ እንዲያገኝ ክፈፉ በደቡብ በኩል 1 ሜትር ያህል መውጣት አለበት። በሰሜን በኩል 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

ጣሪያው የሣር ክዳን ቢሆን እንመርጣለን። ቆርቆሮ ቀን ያግላል፣ ሌሊት ያቀዘቅዛል፤ ማኅበሩ ቆርቆሮ ካለው ከሥሩ ሣር ያንጥፍበት።

ብርሃኑ መብቃቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በእኩለ ቀን ይህን ጽሑፍ በየቆጡ መካከል አስቀምጠው ጎንበስ ብለው ያንብቡት። ፊደሉ የማይለይ ከሆነ ቦታው ለዘር ጨለማ ነው።

ቆጡና አየሩ

ድንች ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም ሙቀትና እርጥበት ያወጣል። ይህ እርጥበት መውጫ ሲያጣ በድንቹ ላይ ጠል ይሠራል፤ መበስበስም ከዚያ ይጀምራል። አንዱ ሲበሰብስ ፈሳሹ ከሥሩ ያለውን ያበላሻል። ስለዚህ ቆጡ ጣውላ ሳይሆን በመካከሉ የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ያለው የተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም ቀጭን ባህር ዛፍ ይሁን። ወርዱ ከ1 ሜትር ባይበልጥ፣ በቆጦቹ መካከል ያለው ከፍታም 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ብርሃኑም አየሩም ከሁለቱም ጎን ይደርሳል። ድንቹ ከሁለት፣ ቢበዛ ከሦስት ድርብ በላይ አይነባበርም። በሁለት ድርብ በአንድ ካሬ ሜትር 50 ኪሎ ያህል ይይዛል ብለን ብናሰላ፣ ለአንድ ሄክታር የሚበቃው 20 ኩንታል 40 ካሬ ሜትር ቆጥ ይፈልጋል፤ ይህም 10 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ አራት ደረጃ ቆጥ ነው።

አንድ ማኅበር ጥሩ ቤት ሠርቶ ሳለ ሌባ ፈርቶ ግድግዳውን በፕላስቲክ ሸፈነው፤ ቦታ ጠበበ ብሎም ዘሩን በጆንያ እንዳለ ቆጡ ላይ ከመረው። በመጋቢት ስናየው ከጓዳ የሚለይ አልነበረም። ሌባ የሚፈራ ከሆነ ግድግዳው በወንፊት ሽቦ ቢታጠር አይጥንም ይከለክላል፤ ብርሃንና አየርም አያግድም። ነፋስ የሚበረታበት ሥፍራ ከሆነ ድንቹ እንዳይጨማደድ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ራቅ አድርጎ ዛፍ መትከል ይሻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድባቸው ሌሊቶች ጎኑን በሰሌን መሸፈን ይገባል፤ ነገር ግን ጠዋት ሳይነሣ ከቀረ ሽፋኑ ራሱ ችግር ይሆናል። ይህን የሚሠራ አንድ አባል በስም ይመደብ።

ከገባ በኋላ

ወደ ቆጥ የሚወጣው ደረቅ፣ ያልቆሰለና ከጤናማ ማሳ የተለየ ድንች ብቻ ነው። ማከማቻው በአጠውልግ ወይም በቫይረስ የተያዘ ዘርን አያድንም፤ ይህን ደጋግመን ብንናገርም ሰሚው ጥቂት ነው። በየሳምንቱ እየዞሩ የበሰበሰውን፣ የእሳት ራት ትል የበሳውንና ክሽክሽ የወረረውን ለቅሞ ማውጣት ያስፈልጋል። አንዳንድ ገበሬዎች የእሳት ራት ለመከላከል የባህር ዛፍ ቅጠል ይነሰንሳሉ፤ ስስ ከሆነ አንቃወምም፤ ወፍራም ከሆነ ግን ብርሃኑን ይጋርዳል። ከሥር ያለው ድንች ጎንቁሉ ነጭ መስሎ ከታየ ድርቡን በእጅ ቀስ አድርጎ ማገላበጥ ነው።

በሰኔ ዘሩ ወደ ማሳ ሲወጣ በጆንያ አይጫን። ጥልቀት በሌለው ሣጥን ወይም ቅርጫት ተደርድሮ ይሂድ፤ ሲተከልም ጎንቁሉ ወደ ላይ ይሁን።